ይግዛውን የደበቅንበት መኸር

ኅዳር 9

ይግዛው፣ ስልክህን ለምን አታነሳም? ከትናንት ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልሁ። የስልኳ ሴትዮ «አይገኙም» ብላ በአማርኛ ትነግረኛለች፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ትደግመዋለች። እማ ስትጠይቀኝ ኔትወርክ የለም አልኋት። በሬህ ቦራ ደህና ነው፤ ቀንበሩ የላጠው ትከሻው ደርቋል። የላይኛው ማሳ ገብስ ታጭዶ ተከምሯል። ስንዴው ገና ነው፤ አንተ ብትኖር በሁለት ቀን ትጨርሰው ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሚሊዮን ደወለልኝ። ከአንተ ጋር አንድ ምሽግ የሚያድረው ሚሊዮን። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኝቻለሁ አለኝ።

«አዱኛ፣ አጠገብህ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እናትህስ?»

«መንገድ ላይ ነኝ።»

«ይግዛው ኅዳር ሰባት ቀን ተሰውቷል» አለኝ። ልክ እንደ ሬዲዮ ነው ያለው። ከዚያ እሱ ራሱ ማልቀስ ጀመረ፤ እኔ «እሺ፣ እሺ፣ አይዞህ» እያልሁ አጽናናሁት። ስልኩን ስዘጋ ሁለቱም ጫማዎቼ ጅረቱ ውስጥ ነበሩ። መቼ እንደገባሁ አላውቅም።

ሚሊዮን ሊሳሳት ይችላል። የቆሰለ ሰው ብዙ ነገር ይቀላቅላል። የደወልሁትን ስታይ ደውልልኝ።

ኅዳር 10

ለጋሼ አስቻለው ነገርኋቸው። የአባታችን ታናሽ ወንድም ናቸው፤ አባታችን ካረፈ ጀምሮ ቤታችንን የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸው እንዳይሰማ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ቄስ ወልደ ሩፋኤልን አስጠሯቸው። ክምሩ ሥር ቆመው ሲነጋገሩ እኔን ወዲያ ሂድ አሉኝ፤ ግን ይሰማኝ ነበር።

«ስንዴው ማሳ ላይ ቆሟል» አሉ ጋሼ። «እናቱን ዛሬ ብናረዳት አገሩ ሁሉ ለቅሶ ይቀመጣል። ማን ያጭዳል? የኔነሽ ደግሞ አንዴ ከተቀመጠች እህል አይታያትም። ይታጨድ፣ ይወቃ፣ ጎተራ ይግባ። ከዚያ በወጉ እናረዳታለን።»

«እስከዚያ ማን አፉን ይዞ ይቆያል?»

ጋሼ ዞረው እኔን አዩኝ። «ና ወዲህ። ስትሰማ ነበር አይደል? ዋናው አንተ ነህ። አብረሃት የምታድር አንተ ነህ። ፊትህን ጠብቅ።»

ቄሱ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው «መርዶ በልጅ አፍ አይነገርም» አሉኝ። «ጧት፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚይዟት ሴቶች ከጎኗ ቆመው ነው የሚነገራት። በድንገት ብትሰማ ጉልበቷም ልቧም አይችለውም። እናትህን በእጅህ እንዳታጠፋት።»

በእጅህ ነው ያሉት።

ኅዳር 13

ፊቴን መጠበቅ። ፊዚክስ ፈተና ነበር፣ ስሜን ብቻ ጻፍሁ። ክፍል ስገባ ወሬ ቆመ። እስከ መካነ ኢየሱስ ገበያ ድረስ ሰምተዋል። ባለ ሱቁ ደብተር ስገዛ የይግዛውን ስም ጠራና ዕቃ ወደ መደርደር ዞረ። የማታውቀው እማ ብቻ ናት።

ኅዳር 17

ይግዛው ሁሌም መልእክት የሚልከው በእኔ ስልክ ነው፤ እማ ማንበብ ስለማትችል እኔ አነብላታለሁ። ዛሬ «ከይግዛው ምን መጣ?» አለችኝ። ገብስ እያበጠረች ነበር። ስልኩን አወጣሁና ባዶውን መስታወት እያየሁ አነበብሁ።

«‹እማ፣ እንዴት ነሽ? ጤናሽን ጠብቂ። በጣም ናፍቀሽኛል። እኔ ደህና ነኝ› ይላል።»

ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «እስቲ ድገመው።»

ደገምሁት።

«ስለ ቦራስ?»

«ስለ ቦራ አልጻፈም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»

«እሺ» አለች፣ ማበጠሯንም ቀጠለች።

አላወቀችም። ግን ቦራን መርሳት አልነበረብኝም። ይግዛው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ «ቦራ እንዴት ነው?» ነው የሚለው፤ ስለ እማ የሚጠይቀው ሦስተኛ ነው፣ ስለ እኔ ጨርሶም አይጠይቅ። በሚቀጥለው አስተካክላለሁ።

ኅዳር 21

ዛሬ ኅዳር ጽዮን ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጎረቤታችን እትዬ ፋንቱ ከቅዳሴ ስንወጣ እማን አንገቷን አቅፋ አልለቅ አለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ጋሼ ሰው እየገፉ መጡ።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትንጠለጠይባት?»

«ጥርሴን ነው ያመመኝ» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«እንግዲያ ጥርስሽን ያዥ እንጂ የሰው አንገት ምን ያደርግልሻል!»

ሰው ሳቀ። እማም ፈገግ አለች። ወደ ቤት ስንመለስ «ፋንቱ የመጨረሻ መንጋጋዋን አምና አይደል እንዴ ያስነቀለችው?» አለችኝ። የቀረ ሥር ይኖራል አልኋት። «ይኖራል» አለች።

ኅዳር 27

ስንዴው ታጨደ። በደቦ ነው፣ ሃያ ሁለት ሰው መጣ። ከሃያ ሁለቱ አንድም የዘፈነ የለም። እማ «ዘንድሮ አጫጁ ሁሉ ዲዳ ሆነ» አለች። እጄ በማጭድ ተቆርጧል፣ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሚሊዮን እንደገና ደወለ። ስለ ሜዳዩ ጠየቅሁት። ይግዛው አምና ሲሸለም እኛ የምናውቀው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው፤ «ለፈጸመው የላቀ ጀብዱ» ይላል። ሜዳዩን ትምህርት ቤት ወስጄ ለክፍሉ ሁሉ አሳይቻለሁ። ብቻውን ኮረብታ እንደያዘ አድርጌ ነው ያወራሁላቸው።

«ኮረብታ የያዘ የለም» አለኝ ሚሊዮን። «ምሽጉን ለቀን ስንወርድ ሦስት ቁስለኞች ከላይ ቀረን። ተመለሱ ያለው ሰው አልነበረም፤ ይግዛው ተመለሰ። መጀመሪያ ያወረደው እኔን ነው። ሁለተኛውን አወረደ። ሦስተኛውን ተሸክሞ ሲመጣ መንገዱን ሁሉ ያዋራው ነበር። ‹ደረስን፣ ይቺን ቁልቁለት ብቻ፣ ደረስን› ይለው ነበር። አስተኝተን ስናየው ልጁ ካለፈ ቆይቷል። ሜዳዩን ሊሰጡት ስሙን ሲጠሩት ‹ሦስት ሰው ብላችሁ እንዳታነቡት› ብሎ ነበር። እነሱ ግን ሦስት ብለው አነበቡት።»

ኅዳር ሰባትስ እንዴት ነበር አልሁት። «እሱ በስልክ አይነገርም» አለኝ።

ባለፈው ሐምሌ ለዐሥር ቀን ፈቃድ መጥቶ ነበር። ከቀኖቹ ዘጠኙን አርሷል። ሜዳዩን አንድም ቀን አላየውም፤ የሚያየው የቦራን ትከሻ ነው። በዘጠነኛው ቀን እርፉን ይዞ ማሳው መካከል ቆመና ጠየቀኝ። ሳቅ እያለ ነበር የጠየቀኝ፣ ስለዚህ ቀልድ ይሆናል። እኔም መለስሁለት። የመለስሁለትን አሁን አልጽፍም።

ታኅሣሥ 2

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ጠበቁኝ።

«አርባው ታኅሣሥ ዐሥራ ስድስት ነው። ውቂያው እስከዚያ አያልቅም። እናትህ ባትሰማም ነፍስ ቀኗን ትቆጥራለች፤ ፍትሐቱን በምስጢር እናደርሳለን። የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

አላውቅም። ጋሼም አያውቁም። ያጠመቁት ቄስ አርፈዋል፤ የክርስትና አባቱ መተማ ወርዶ በዚያው ቀረ። እማ የእኛን የክርስትና ስም ለማንም አትናገርም፣ ክፉ ሰው ይዞ ይደግምበታል ትላለች። የራሴን እንኳ የነገረችኝ ስምንተኛ ክፍል ስገባ ነው።

«በዓለም ስሙ አይሆንም?»

«ልጄ፣ በዚያ ስም አልተጠመቀም። ይግዛው ብዬ ፍትሐት አልደግምም። ጠይቃት። ግን እንዳትጠረጥር።»

እንዴት ነው የሚጠየቀው? የሕያው ሰው የክርስትና ስም ማን ይጠይቃል?

ታኅሣሥ 3

አልጠየቅኋትም።

ታኅሣሥ 4

ዛሬም። ራት ላይ አፌን ከፈትሁና ጨው አቀብይኝ አልሁ። ጨው ፊቴ ነበር።

ታኅሣሥ 5

በሬዎቹን ውኃ ስናጠጣ ጠየቅኋት። ሦስት ቀን የተለማመድሁትን በአንድ ትንፋሽ ነው ያልሁት።

«እማ፣ አባ ወልደ ሩፋኤል በቅዳሴ ለዘመቱት ሁሉ በስማቸው ሊጸልዩላቸው ነው። የይግዛውን የክርስትና ስም ጠይቀህ አምጣ ብለውኛል።»

የቦራን ግንባር እያሸች ቆየች። ቦራ ጠጥቶ ጨረሰ፣ ራሱን አነሳ፣ እሷ አሁንም ታሸዋለች።

«ለዘመቱት ሁሉ?»

«ለሁሉም።»

«ገብረ መድኅን በላቸው» አለችና ወዲያው «አንተ ልጅ ከስተሃል። ስንቅህን ትበላዋለህ ወይስ ለጓደኞችህ ነው የምታድለው?» አለች።

ሮጬ ሄጄ ለቄሱ ነገርኋቸው። ገብረ መድኅን። ወንድሜ ገብረ መድኅን መሆኑን አላውቅም ነበር። ስሙ አይመስልም።

እንዲህ በቀላሉ መስጠቷ አስገረመኝ። ጥሩ ዋሽቻለሁ ማለት ነው።

ታኅሣሥ 9



የጋሼ ልጅ ፅጌረዳ ከትምህርት ቤት ከእኔ ጋር መጣች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። አውድማው ላይ እማ አጠገብ ቁጭ ብላ ስልኳን ስትነካካ እማ አንገቷን ሰገግ አደረገች። «ይኼ ይግዛው አይደለም እንዴ?» አለች። ነው። የሆነ ሰው ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎታል፤ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ሜዳዩን አጥልቆ፣ ከጎኑ የሚበራ ሻማ ተሥሎ፣ ከሥር ስንት ሰው ነፍስ ይማር ብሎ ጽፏል። ፅጌረዳ እንደ ድንጋይ ደረቀች። ስልኩን ነጠቅኋት።

«አምሮበታል» አለች እማ። «ሻማው ለምንድን ነው?»

«ልደቱ ነው» አልሁ። «ከተሜዎች በልደት ሻማ ያበራሉ።»

እማ መንሹን አነሳች። ገለባውን አንድ ጊዜ ወደ ላይ በተነችው፣ ሁለት ጊዜ በተነችው።

«ይግዛው የተወለደው በሰኔ ነው» አለች። ከዚያ ነፋሱ ሳይቆም ቶሎ በሉ ብላ ተቆጣችን።

ፅጌረዳ ወደ ቤቷ እያለቀሰች ሄደች። እኔ በየወሩ የሚያከብሩ አሉ ብዬ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። የሰማችኝ አልመሰለኝም።

ታኅሣሥ 12

ውቂያ። ገለባ ዓይን ውስጥ። ጋሼ «አምስት ቀን፣ ቢበዛ ስድስት» ይላሉ። ትምህርት ቤት አልሄድሁም። እማ ስለ መልእክት መጠየቅ ትታለች። ሳልጠየቅ አንድ አነበብሁላት፤ መጀመሪያ ቦራን አስገባሁ። «ደግ» አለች ብቻ። ለእሱ ብላ የምታስቀምጠውን የባቄላ ቆሎ ለወቂዎቹ አከፋፍላዋለች። እህል ለማብቃቃት ይሆናል።

ታኅሣሥ 16

አርባው። ከጋሼ ጋር ማለዳ ሄድን፤ እማን የጠፋ በግ እንፈልጋለን ብለናት። ከቄሱና ከአንድ ዲያቆን በቀር ሰው የለም። በሩ ተዘግቶ ነው የተደገመው። ሬሳ የለም፣ ሳጥን የለም፣ የምታለቅስ ሴት የለም። ቄሱ «ገብረ መድኅን» ባሉ ቁጥር ይግዛውን በፊቴ ለማምጣት እሞክራለሁ፤ የሚመጣልኝ ሌላ፣ የማላውቀው ሰው ነው። አላለቀስሁም። ፊቴን መጠበቅ ለምዶብኝ ይሆናል።

ስንመለስ እማ ትልቁን ድስት ጥዳ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ቀቅላለች። ንፍሮ የለቅሶ ቤት እህል ነው፤ ጋሼ በር ላይ ቆመው ቀሩ።

«ይኼ ሁሉ ለማን ነው የኔነሽ?»

«ለወቂዎቹ» አለች።

ዛሬ ውቂያ አልነበረም። የሚወቃ ሰው የለም። ጋሼ ግን ዘግነው በሉ፣ እኔም በላሁ። በጉን አገኛችሁ ወይ ብላ አልጠየቀችም።

ታኅሣሥ 19

የመጨረሻው ስንዴ ጎተራ ገባ። ነገ ነው። ሽማግሌዎቹ ንጋት ላይ ይመጣሉ። እትዬ ፋንቱና ሁለት ሴቶች እማን ይይዟታል። እኔ የማደርገው የለኝም፤ በሩን ከውስጥ መክፈት ብቻ።

ታኅሣሥ 20

በሩን ልከፍት ስነሳ ተከፍቶ አገኘሁት።

እማ በረንዳው ላይ ቆማለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች፣ ጥለቱ ከላይ ነው። ፀጉሯን ተላጭታለች። ማን እንደላጫት አላውቅም። አግዳሚው ወጥቶ፣ ሰሌኑ ተነጥፎ፣ ግቢው ተጠርጓል። ዘጠኝ ሽማግሌዎች በአጥሩ በር ገብተው ሲያይዋት አንድ ላይ ቆሙ። ጋሼ ለአርባ ቀን ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው።

«ዘገያችሁ» አለቻቸው።

ቄሱ «የኔነሽ፣ ማን ነገረሽ?» አሉ።

«ማን ያልነገረኝ አለ? አጫጁ አልዘፈነም። ፋንቱ የሌላትን ጥርስ አመማት። ይኼ ልጅ» ወደ እኔ ሳትዞር ነው ያለችው «ከበሬው አስቀድሞ እኔን የሚጠይቅ ደብዳቤ አነበበልኝ። ያን ዕለት አወቅሁ።»

ያን ዕለት ኅዳር ዐሥራ ሰባት ነው።

«ታዲያ ለምን...» አሉ ጋሼ።

«እናንተ ለእኔ ብላችሁ ትጨነቃላችሁ። እሱ ለእኔ ብሎ እህል አይበላም። እህሉም ይሰበሰብ አልሁ። ልጁም ይረፍ፣ የዋሸው ይታመንለት አልሁ።» ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረች። «አባ፣ ገብረ መድኅን የአባቴ ስም ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ቄሱ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አርባውን ደግመንበታል እኮ!»

«አባቴ አይጠላውም። ልጄን ግን እኔ ሳላለቅስለት፣ በተዘጋ በር፣ እንደ ሌባ እንድትሸኙብኝ አልፈለግሁም። ስሙ ተክለ ሃይማኖት ነው። አሁን ጥሩት።»

ቄሱ ጠሩት። ያን ጊዜ ነው እማ የወደቀችው። እትዬ ፋንቱ ልትይዛት ቆማ ነበር፣ ግን ራሷም አብራት ወደቀች።

ታኅሣሥ 24

ከስማዳ፣ ከጋይንት፣ ከየት ከየት ዘመድ መጣ። ውኃ እቀዳለሁ፣ አጎዛ አነጥፋለሁ፣ ለሽማግሌ መቀመጫ አወጣለሁ። የደንብ ልብሱ አልጋ ላይ ተዘርግቷል። ከወረዳ የመጡ ሰዎች ሜዳዩን ደረቱ ላይ ሰክተው ስለ ጀግንነቱ ተናገሩ። ሦስት ሰው አሉ። ሁለት ነው ልል ነበር።

እማ ብድግ አለችና «ያንን ብረት ወደ ጎን አድርጉልኝ፤ በመርፌ የጠቀምሁለትን ቦታ ሸፈነብኝ» አለች። ከወረዳ የመጣው ሰው ሜዳዩን ነቅሎ በእጁ ይዞት ቆየ።

አሁንም አላለቀስሁም። ሰው ያየኛል። «ጠንካራ ልጅ ነው» ሲሉ ሰማሁ።

ታኅሣሥ 27

ነገርኋት። ገለባ ስንከምር፣ እኔ ከታች፣ እሷ ከላይ፣ ፊቷን ሳላይ።

ሐምሌ ላይ ይግዛው እርፉን ይዞ የጠየቀኝ «አዱኛ፣ እዚሁ ብቀርስ?» ብሎ ነበር። እኔ ደግሞ «ሜዳይ ያለው ሰው ይቀራል እንዴ? ሰው ምን ይለናል?» አልሁት። ይለናል ነው ያልሁት። እሱ ሳቀና «እውነትህን ነው» ብሎ በሬዎቹን ነዳ። በማግሥቱ ሄደ።

እማ ገለባውን መቀበል አቆመች። ወርዳ ትመታኛለች ብዬ ነበር፣ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«እኔንም ጠይቆኛል» አለች። «ሊተኛ ሲል። ‹እማ ብቀር ምን ትያለሽ?› አለኝ። የተኛሁ መሰልሁ።»

ከዚያ «አቀብለኝ» አለች። እስኪመሽ ከመርን።

ጥር 2

እማ ደብረ ታቦር ልትሄድ ነው፣ ሚሊዮን ያለበት ሆስፒታል። ጋሼ ተዪ፣ ሰማንያው ይውጣ አሏት።

«ካየው ሰው አፍ እሰማለሁ» አለች። «እናንተ አርባ አራት ቀን አቆያችሁኝ። ከእንግዲህ የሚያቆየኝ የለም።»

እኔም ልሂድ አልሁ። ነገ ወዲያ የአጋማሽ ዓመት ፈተና ይጀምራል አለችኝ። ማን እንደነገራት አላውቅም። ፊዚክስ ላይ ዜሮ ማግኘቴንም ታውቃለች።

ጥር 4

ትናንት እማ ከጋሼ ጋር ሄደች። ከመካነ ኢየሱስ በአውቶቡስ። ማታ ደውላ ደረስን ብላለች።

ዛሬ ጧት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ከአልጋዬ ስነሳ እንደ ልማዴ ፊቴን አስተካከልሁ፤ ከዚያ የማስተካክልለት ሰው እንደሌለ ትዝ አለኝ። በረቱን ከፍቼ በሬዎቹን አወጣሁ። ገለባ ሰጠኋቸው። ቂጣ በላሁ፣ ግማሹን። ስንቄን ቋጠርሁ። ጫማዬን ማሰር ጀመርሁ። አንዱን እግር አስሬ ሁለተኛውን ስይዝ መነሳት አቃተኝ።

ከዚያ ጮህሁ። እንዴት እንደጀመረ አላውቅም። ቦራ ደንግጦ ወደ አጥሩ ሸሸ።

እትዬ ፋንቱ አጥሩን ጥሳ ገባች፣ እጇ ላይ ሊጥ አለ። «ምን ሆንህ? እባብ ነው? ምን ሆንህ አንተ ልጅ?»

«ይግዛው ሞተ» አልኋት። «ወንድሜ ሞተ።»

እትዬ ፋንቱ ከሰማች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። መርዶው ሲነገር በረንዳው ላይ ነበረች። «እናውቃለን» አላለችኝም፣ «አይዞህ»ም አላለችኝም። ሊጡን በቀሚሷ ጠረገች፣ ነጠላዋን ዘቀዘቀችና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን እየመታች «መቼ? ወይኔ ልጄን፣ መቼ?» አለችኝ። «ኅዳር ሰባት» አልኋት። ዛሬ እንደሰማች አድርጋ አለቀሰች። ሌላው ጎረቤትም ድምፅ ሰምቶ መጣ፤ ጋቢውን አጣፍቶ እኔን ጨብጦ ተቀመጠ። ሌላም መጣ።

ፀሐዩ ከፍ ሲል እትዬ ፋንቱ ውኃ አምጥታ ፊቴን አጠበችኝ። ሁለተኛውን ጫማዬን አሠርሁ። ትምህርት ቤት ስደርስ ፈተናው ከተጀመረ አርባ ደቂቃ ሆኖታል፤ መምህሩ ዓይኔን አይቶ ምንም ሳይጠይቀኝ ወረቀቱን ሰጠኝ። ሒሳብ ነበር። ከሃያው ጥያቄ ዐሥራ አንዱን ሠራሁ።